ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ፦ የፕሮሰሰር ታሪክ ለፍስሐ ገነት ላፕቶፕ ገዢ

ፍስሐ ገነት ላይ ሆኖ ላፕቶፕ መግዛት አዲስ አበባ ላይ ሆኖ እንደ መግዛት አይደለም። የኮቸሬ ልጅ ዕቃው ሲበላሽበት በእግሩ ሄዶ የሚያሳየው የቦርድ ባለሙያ ማግኘት ይከብደዋል። ወደ ዲላ፣ አልያም ወደ ሐዋሳ፣ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ መላክ አለበት። ስለዚህ የቤተሰቡን የቡና ገንዘብ ይዞ ከመውጣቱ በፊት አጥብቆ ይጠይቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ይህ ነው፦ "ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ልግዛና ቆይቼ ፕሮሰሰሩን በተሻለ ልቀይረው? ካልሆነስ ኦቨርክሎክ አድርጌ ጉልበቱን ልጨምረው?"

ጌሚንግ ላፕቶፕ ሲባል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይታረም። የሕንፃ ዲዛይን የሚማር ተማሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ማሽን ነው። ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ። "ያለኝን ላሻሽለው" የሚለው ሐሳብ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆነ።

ለጥያቄው አጭሩ መልስ "በአብዛኛው አይቻልም" ነው። አጭሩ መልስ ግን አያጠግብም። ድሮ ይቻል ነበርና። እንዴት ተቻለ፣ ማን ከለከለው፣ በምን ምክንያት? ይህ የ40 ዓመት ታሪክ ነው። ታሪኩን ያወቀ ገዢ በቀላሉ አይታለልም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስታሏን የመንቀል ዘመን

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ክሪስታል በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች፤ ፕሮሰሰሩ በምቷ ይራመዳል። ምቱን ማፍጠን ነው ኦቨርክሎክ ማለት። በእኛ አነጋገር፣ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ መጫን ነው። አይሱዙ ሊብሬው ከሚለው በላይ ጭኖ ከይርጋ ጨፌ ዲላ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ ነገር ግን ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሞተሩን እየበላ ነው።

አይቢኤም በ1984 ፒሲ ኤቲ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ የ286 ፕሮሰሰሩ ፍጥነት 6 ሜጋኸርትዝ ነበር። ምቱን የምትሰጠው ክሪስታል የ12 ሜጋኸርትዝ ስትሆን ፕሮሰሰሩ በግማሿ ይሠራል። ባለቤቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ነቁ። የ12ቱን ክሪስታል ነቅለው የ16 ሲተኩባት ማሽኑ በ8 ሜጋኸርትዝ መሥራት ጀመረ። የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ፣ በጥቂት ዶላር፣ በጥቂት ደቂቃ።

አይቢኤም ምን አደረገ? በኋላ ባወጣቸው ማሽኖች የመነሻ ፕሮግራም ውስጥ የፍጥነት ፍተሻ አስገባ። ማሽኑ ከተፈቀደለት በላይ ሲሮጥ ካገኘው አልነሣም ይላል። በ1986 ደግሞ ራሱ ኩባንያው ባለ 8 ሜጋኸርትዙን ኤቲ ለገበያ አቀረበ። ይህቺን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ባለቤቱ አቅሙን ያገኘዋል፤ ቀጥሎ አምራቹ ይቆልፈዋል፤ በመጨረሻም የተቆለፈው አቅም በዋጋ ተመልሶ ይሸጣል። የቀረው ታሪክ የዚህ ድግግሞሽ ነው።

እንደ ቡናው ደረጃ

"አንድ ፕሮሰሰር ከተጻፈበት በላይ መሥራት ከቻለ አምራቹ ለምን ያነሰ ቁጥር ጻፈበት?" የሚል ይኖራል። ለጌዴኦ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው።

ቡና ከአንድ ማሳ ተለቅሞ፣ በአንድ ማጠቢያ አልፎ፣ ከተቀመሰና ከተመረመረ በኋላ ደረጃ ይሰጠዋል። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ከአንድ የሲሊከን ገበታ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቺፖች ይወጣሉ። ከዚያ ይፈተናሉ። ፈጣኑ በውድ ስም፣ ዘገምተኛው በርካሽ ስም ይሸጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የቺፕ ፋብሪካ ሥራው እየሠመረ ሲሄድ አብዛኛው ምርት አንደኛ ደረጃ ይሆናል። ገበያው ግን አሁንም ሦስተኛ ደረጃ በርካሽ ይፈልጋል። ስለዚህ አምራቹ አንደኛውን ቺፕ ሦስተኛ ብሎ ጽፎበት ይሸጠዋል።

በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። 300 ሜጋኸርትዝ ተብሎ የተሸጠ ርካሽ ቺፕ ነበር። የቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ከፍ ያደረገ ሰው ግን 450 ያገኝበታል። ያኔ በ450 የሚሸጠው ፔንቲየም 2 ዋጋው ከሴሌሮኑ ብዙ እጥፍ ነበር። የተማሪ ኪስ ያለው ሰው የሀብታም ማሽን ባለቤት ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ግን አምራቾቹ የሚቆልፉት በስስት ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን አጭበርባሪ ነጋዴዎች የርካሽ ቺፕ ጽሑፍ ፍቀው የውድ ቁጥር እየጻፉ ይሸጡ ነበር። ተራ ቡና በይርጋ ጨፌ ጆንያ እንደ መሸጥ ማለት ነው። ተጎጂው ገዢ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው የአምራቹ ነው። ኢንቴል ማባዣ ቁጥሩን የቆለፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። የቁልፉ ጥቅም ግን በአጭበርባሪው ላይ አላበቃም፤ ሐቀኛውን ባለቤትም አብሮ አሰረ።

ኤኤምዲም በ2000 አካባቢ ቺፖቹን ሲቆልፍ ቁልፉ በቺፑ ገጽ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን የተቆረጡ መስመሮች ነበሩ። ሰዎች ተራ እርሳስ ቀርጸው መስመሮቹን ቀጠሏቸው። የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ቁልፉ ተከፈተ! ቆይቶ ኩባንያው ይህንንም በር ዘጋው። በላፕቶፑም በኩል በ2000ዎቹ አጋማሽ የፔንቲየም ኤም ባለቤቶች ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከተው ምቱን ከ400 ወደ 533 ያሳድጉ ነበር። ያኔ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ አምፖል የሚነቀልና የሚተከል ነገር ነበር።

በ2007 ኢንቴል ማባዣው ያልተቆለፈ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር "ኤክስትሪም" በሚል ስም በውድ ማቅረብ ጀመረ። በ2011 ደግሞ በዴስክቶፑ በኩል መብቱ በአንዲት ፊደል ተለየ። መጨረሻው ላይ "ኬ" ያለበት ይከፈታል፤ የሌለበት ተዘግቷል። የኤቲ ታሪክ ተደገመ፦ ድሮ በነፃ የነበረው አሁን በሒሳብ።

የሙቀት ግድግዳ

ሁሉንም በኩባንያ ላይ መደፍደፍ ግን ፍትሕ አይደለም። ተፈጥሮም የራሷ ቁልፍ አላት።

የፕሮሰሰር ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በእጥፍ ድርብ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነውና የሚገባው። ፍጥነቱን 10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁን 10 በመቶ መጨመር ካስፈለገ 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ 1.33 ነው። 10 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 33 በመቶ ሙቀት ተከፈለ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመህ ትወጣዋለህ። ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት ውስጥ የታጨቀ ላፕቶፕ ግን ሙቀቱን ወዴት ያውጣው? ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጨመርኩ ያልከው ቀነሰብህ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በ14 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ 20 በመቶ ይደርሳል። የደጋው ብርድ የተወሰነውን ይክሳል እንጂ ሁሉንም አይክስም። የመብራት መዋዠቅና አቧራ ሲጨመርበት ታይዋን ላይ የተፈተነው ላፕቶፕ እዚህ የሚገጥመው ኑሮ ሌላ ነው።

ይህ የሙቀት ግድግዳ ኢንቴልንም አሸንፎታል። በ2004 ለ4 ጊጋኸርትዝ የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ። ከ2005 ጀምሮ ኩባንያዎቹ መንገድ ቀየሩ። አንዱን ኮር ከማስሮጥ ይልቅ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ኮር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጀመሩ። የጌዴኦ አርሶ አደር ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ የኖረው አንዱን ሰብል እያስገደዱ አይደለም። ዛፍ ከላይ፣ እንሰትና ቡና ከሥር፣ ከዚያም በታች ሌላ ሰብል እየደራረቡ ነው። ዩኔስኮ በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው።

በ2008 መጨረሻ የመጣው የኢንቴል ቱርቦ ቡስት ደግሞ ኦቨርክሎክን ከሰው እጅ ወስዶ ለቺፑ ሰጠው። ቺፑ ሙቀቱንና ኃይሉን ራሱ እየለካ፣ ቦታ ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ላፕቶፕ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በራሱ ኦቨርክሎክ እያደረገ ነው። ለባለቤቱ የተረፈለት ቦታ ጠባብ ነው።

አምራቹም ራሱ ልክ ያልፋል። በ2024 ኢንቴል የ13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ ለቀቀ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። አሜሪካ ያለ ገዢ በዋስትናው ለወጠ። ያለ ደረሰኝ ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው የማንን በር ያንኳኳል?

የብየዳው ዘመን

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ፕሮሰሰሩን መቀየር ይቻላል?

እስከ 2013 እና 2014 ድረስ በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ይቻል ነበር። ፕሮሰሰሩ በሶኬት ላይ ይቀመጣል፤ አንዲት ብሎን ታዞራለህ፣ ይነሣል። በአራተኛው ትውልድ ሁለቱ ዓይነት ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። ከስሙ መጨረሻ "ኤም ኪው" የሚለው በሶኬት የሚቀመጥ ነው፤ "ኤች ኪው" የሚለው በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ከአምስተኛው ትውልድ ጀምሮ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በሙሉ የተበየደ ሆነ። ብየዳውም እንደ ሬዲዮ ሽቦ አይደለም። ከሺህ በላይ ጥቃቅን የቆርቆሮ ኳሶች ከቺፑ ሥር ተደብቀው ይቀመጣሉ። ያንን አንሥቶ ሌላ ለመትከል ልዩ የሙቀት ማሽን፣ የሠለጠነ እጅና አዲሱን ቺፕ የሚቀበል ባዮስ ያስፈልጋል። ሦስቱን አሟልቶ እንኳ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

ምክንያታቸው ሐሰት አልነበረም። ሶኬት ውፍረት ይጨምራል፣ ገዢውም ቀጭን ላፕቶፕ ይወዳል። ጥያቄው ግን የቀጭኑን ዋጋ ማን ከፈለ የሚል ነው። በሦስት ዓመት አንዴ አዲስ የሚገዛ ሰው ብዙም አልተሰማውም። ከዚያ ሰው እጅ የወጣውን ማሽን ገዝቶ ሌላ ስድስት ዓመት ሊሠራበት ያሰበው ነው የከፈለው።

ሶኬቱን ለመመለስ የሞከሩ ነበሩ። የታይዋኑ ክሌቮ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የሚቀበሉ ወፋፍራም ላፕቶፖች ሠርቷል። በ2019 የዴል ንብረት የሆነው ኤሊያንዌር፣ ኤሪያ 51ኤም የተባለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ሲያወጣ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ሊቀየር የሚችል መሆኑን ዋና መሸጫው አድርጎት ነበር። በ2020 ተከታዩ ሞዴል መጣ። ሶኬቱ ሌላ ነበር፤ አዲሱ ፕሮሰሰር አሮጌው ላይ አይገባም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ "የማሻሻል ተስፋው ከንቱ ነው" የሚል የገዢዎች ክስ በዴል ላይ ቀረበ። ትምህርቱ ለእኛም ነው። ሶኬት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በዚያ ሶኬት ልክ ነገም የሚሠራ አምራች መኖር አለበት።

አንዲት መውጫ ቀርታ ነበር። ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ። ኦቨርክሎክን የገለበጠች ብልሃት ናት፤ ላፕቶፑ ሳይሞቅ በሙሉ ጉልበቱ ይሮጣል። ለእኛ አየር የምትስማማው እሷ ነበረች። በታኅሣሥ 2019 ግን ተመራማሪዎች "ፕላንደርቮልት" የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ አደረጉ፤ ቮልቴጅን በማዛባት ከፕሮሰሰሩ ምሥጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። መፍትሔ ተብሎ በተለቀቀው የባዮስ ማሻሻያ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህቺም በር ተዘጋች። ለባንክ ሰርቨር የታሰበ ቁልፍ የተማሪው ላፕቶፕ ላይ ወደቀ።

እኛ በገደብ ላይ ያለን ታሪክ

"ታዲያ ፈረንጅ ከዘጋው እኛ ምን ልናደርግ?" የሚል ተስፋ መቁረጥ አይበጅም። የእኛ የቴክኖሎጂ ታሪክ ራሱ ገደብ የማለፍ ታሪክ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለጥቂት የላቲን ፊደላት የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ከሁለት መቶ በላይ ለሆኑ ፊደሎቻችን ያስገዙት የፊደሎቹን አካል ከፋፍለው ነው። በ1980ዎቹ እነ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ ሆነው፣ ግዕዝን በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ግዕዝን አስጽፈዋል። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡት ከዚያ የተነሣ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር አለ። የጽሕፈት መኪናውን አንድ ብልህ ሰው በእጁ አሸነፈው። ዩኒኮድ ላይ ግን የእጅ ብልሃት ብቻውን አይበቃም ነበር። የዓለም ደንብ በሚጻፍበት ጠረጴዛ መቅረብና ማስመዝገብ ግድ ሆነ። ክሪስታል መንቀልም እንደዚሁ ነው። እርሳስና ቀጭን ሽቦ የሠሩበት ዘመን አልፏል፤ የቀረው መንገድ ደንብና የግዢ ውል ነው።

ሌሎቹ ጀምረዋል። የአውሮፓ ኅብረት የ2023 የባትሪ ደንብ ከየካቲት 2027 ጀምሮ የመሣሪያ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ነቅሎ የሚተካው እንዲሆን ያዛል። በ2024 ደግሞ የመጠገን መብት መመሪያ አጽድቋል። ፍሬምወርክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ሙሉ ቦርዱ ወጥቶ በአዲስ የሚተካ ላፕቶፕ እየሸጠ ነው። ፕሮሰሰሩ አሁንም የተበየደ ነው፤ ነገር ግን ቀፎው፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ አብረው አይጣሉም።

የእኛ ጉልበት የት አለ? አንድ ተማሪ ብቻውን አምራች አያስገድድም። ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ግን ኮምፒውተር በጅምላ ይገዛሉ። የጨረታ ሰነዳቸው ላይ የፕሮሰሰሩን ትውልድ እንደሚጽፉት ሁሉ "ራሙና ማከማቻው የሚነቀል፣ ባትሪው የሚተካ፣ መለዋወጫው ለዚህን ያህል ዓመት የሚቀርብ" ብለው መጻፍ ይችላሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ከፎርማትና ከሶፍትዌር ጭነት አልፈው የቦርድ ጥገናን በወጉ ማስተማር ይችላሉ። ያኔ የፍስሐ ገነት ልጅ የተቃጠለ ቦርድ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ አይንከራተትም።

እስከዚያው፣ የቡና ገንዘብ ይዘህ ለምትወጣው ታናሽ ወንድሜ፣ ለምትወጪውም እኅቴ፦

አንደኛ፣ "ፕሮሰሰሩ በኋላ ይቀየራል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ጠይቁ። የኢንቴል ሆኖ ከአምስተኛ ትውልድ ወዲህ ከሆነ ልዩ ወፍራም ማሽን ካልሆነ በቀር አይቀየርም። ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ በፕሮሰሰሩና በግራፊክሱ ላይ አውሉት። ራምና ኤስኤስዲ ቆይቶ ይጨመራል። ግን ራሙም ያልተበየደ መሆኑን ከፍታችሁ እዩ።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትፈትኑ ዴስክቶፑን አይታችሁ አትመለሱ። ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ ግማሽ ሰዓት አስሩጡት፤ ሙቀቱንና ፍጥነቱን እዩ። ጉድለት ካለው የሚያሳየው ሲሞቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ከኦቨርክሎክ በፊት ማራገቢያውን አጽዱ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት አስቀይሩ። ሙቀት ሲቀንስ ቱርቦው ራሱ ይፈጥናል። የባዮስ ማሻሻያ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ምን እንደሚዘጋ ሳታነቡ አትጫኑ፤ የደኅንነት ማሻሻያን ግን በንቀት አትለፉ።

በ1984 የኮምፒውተሩ ባለቤት ምቱን በእጁ ነቅሎ ይቀይር ነበር። ዛሬ ቮልቴጁን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ፈቃድ የለውም። ሙሉውን ዋጋ የከፈለበት ዕቃ ግማሹ ብቻ የእሱ ነው። አዲስ በየጊዜው መግዛት ለሚችል አገር ይህ የምቾት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ገዝቶ ለሚማር አገር ግን የአንድ ትውልድ የመማሪያ ዕድሜ ጥያቄ ነው። የሚቀጥለውን የኮምፒውተር ጨረታ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡት የምትችሉ አድርሱላቸው።